የማትያዘው ጥንቸል

ቨርጂኒያ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ውሻቸውን ለአንድ ሳምንት አደራ ሰጥተውኝ ሄዱ። ግሬይሃውንድ ናት። በቪዲዮ ሳሳያት እናቴ ከአዲስ አበባ፣ "ኧረ ልጄ፣ ይቺ ውሻ ምን በድላ ነው የሚያስርቧት?" አለችኝ። እውነት ጎድኗ ይቆጠራል። እኔም አዝኜላት ከታዘዝኩት በላይ አበላኋትና ሌሊቱን ምንጣፍ ሳጸዳ አደርኩ። ለካ የጤናማ ግሬይሃውንድ ሰውነት እንዲሁ ነው፤ ጡንቻ እንጂ ስብ የለውም።

ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ "35ሲ" የሚል ንቅሳት አለ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነውና እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አልተውም። 3 የተወለደችበት ወር ነው፣ ማርች። 5 የ2015 የመጨረሻ አሃዝ፤ ሲ ደግሞ አብረዋት ከተወለዱት የሚለያት ፊደል። በግራ ጆሮዋ ወንድምና እህቶቿ ሁሉ የሚጋሩት የመዝገብ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የውድድር ውሾች ማንነት የሚመሳከረው በዚህ ነው።

ይህ ዘር በአፍንጫው አሽትቶ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ የሚያሳድድ አዳኝ ነው። በአንድ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለቴ መሬት ይለቃሉ፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እንግሊዞች ለረጅም ዘመን ሁለት ሁለቱን በሕያው ጥንቸል ላይ እየለቀቁ ያወዳድሩ ነበር። በ1876 ለንደን አጠገብ ሄንደን ላይ አንድ ሰው ሠራሽ ጥንቸል በቀጥታ መስመር ተጎትታ ተሞከረች። አልሳበም። መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያው ፈጣኑ ውሻ ነው የሚያሸንፈው፤ ታዲያ ማን ይወራረዳል? ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ግን በ1919 ካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል ላይ በሞተር የምትሮጥ ጥንቸል በክብ ሜዳ ዙሪያ አስሮጠ። ኩርባው ላይ ውሾቹ ይጋጫሉ፣ የኋላው ይቀድማል። በ1926 ማንቸስተር ቤል ቩ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝን ያዳረሰው በጥቂት ዓመታት ነው።

እንደ መሐንዲስ ካየሁት የስሚዝ ሥራ ያስቀናል፤ ጥንቸሏም ከሞት ተረፈች። ግን ሒሳቡ አልጠፋም፣ ወደ ውሻው ዞረ እንጂ። ውሻው ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ የሚሮጠው እስከ አራት ዓመቱ ገደማ ነው። የሴኮንድ ሽራፊ ከዘገየ ዋጋ የለውም። በ1980ዎቹ ለቤት የሚያሳድጓቸው ሰዎች እስኪበራከቱ ድረስ ከውድድር የወጡት አብዛኞቹ ይገደሉ ነበር። ፍሎሪዳ ውድድሩን በ2018 በሕዝብ ድምፅ ከለከለች፤ የ"35ሲ" ሩጫ ያበቃውም እዚያ ነው።

ጎረቤቴ ፍሪጁ ላይ "ለሐኪም ይታይ" ብለው የለጠፉት ወረቀት ነበር። የግሬይሃውንድ ቀይ የደም ሴል ከደሙ ከ50 እስከ 65 በመቶ ይይዛል፤ በሌሎች ውሾች ከ37 እስከ 55 ነው። የታይሮይድ ሆርሞኑ ደግሞ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። በተለመደው ሠንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሐኪም ጤነኛዋን በሽተኛ ሊላት ይችላል። ቲዮፔንታል በሚባለው ማደንዘዣ ከተኛች ደግሞ ቶሎ አትነቃም፤ መድኃኒቱን የሚይዝላት ስብ የላትም፣ ጉበቷም ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። ከታች በትልቁ፦ "ከቤት ውጪ ማሰሪያዋን በፍጹም አይፍቱ"። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ በብርድ ካፖርት ትለብሳለች። ደረጃ መውጣትን የተማረችው አርጅታ ነው፤ ያደገችው በውድድር ውሾች ማደሪያ ነዋ።

በመጨረሻው ቀን መናፈሻ ወሰድኳት። ነፋስ ነጭ ፌስታል ይዞ ሄደ። ያቺ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የምትተኛ ውሻ ትከሻዬን ልትነቅለው ደረሰች፤ እየተጎተትኩ ተከተልኳት። ፌስታሉ አጥር ላይ ተያዘ። ደርሳ ቆመች፣ አሸተተችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና አሸተተችው። ትንሽ ቆይታ እዚያው ሣሩ ላይ ተኛች። እስክትነሳ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።