ከጋቢ እስከ ኮት፦ የአባቶቻችን አለባበስ ታሪክ



በዚህ ዕትም የምናነሣው ርእስ ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የቤት፣ የሥራና የልጆች ትምህርት ጉዳይ ተደራርቦ ሳለ ስለ ሽማግሌ ልብስ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ሆኖም በየሰፈራችን የምናየው አንድ ነገር አለ። በአገር ቤት ጠበኛ ያስታረቁ፣ አዝመራ የሰበሰቡ፣ ሸማ ሠርተው ልጅ ያሳደጉ አባቶች፣ እዚህ ልጃቸው የተወውን ጃኬትና ከእግራቸው የሚሰፋ የስፖርት ጫማ አድርገው ይውላሉ። ከትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ሲመጣ ግን «እኔ ምን ለብሼ እሄዳለሁ? እናታችሁ ትሂድ» ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ከልብስም ያልፋል፤ አባት ከሰው ፊት ቀርቦ አባት የመሆን ጉዳይ ነው።

«እንዳገሩ ይኖሩ» የሚል አባባል አለን፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚልም አለን። ሁለቱም እውነት ናቸው። የአባቶቻችን አለባበስ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተጓዘ ነውና እስቲ ከመነሻው እንመልከተው። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሠሪዎቹም እኛው፣ ለባሾቹም እኛው

ቤተ እስራኤል በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች ሲኖር ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት የተነፈገ ሕዝብ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ካደረሱበት ሽንፈት ጀምሮ መሬቱ ቀስ በቀስ ከእጁ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው መሬት ላይ እየዘራ፣ ለባለመሬቱ እየከፈለ፣ የጎደለውን በእጅ ሥራው ይሞላ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ።

አንድ ጋቢ ከትከሻ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያለው ሥራ የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነበር። እናት ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ ነድፋ ታባዝተዋለች፤ ከዚያ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ልጆች ፈትሉን በማጠንጠን ይረዳሉ። አባት ደግሞ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ማጉን ያስገባል። ሸማኔ ቤተ እስራኤል የሠራውን ኩታ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ገዝቶ ይለብሰው ነበር። በእጅ ሥራው የሚንቀው ሰው እንኳ ለበዓሉ የሚደምቀው በእርሱ ሸማ ነበር።

ይህን ያነሣነው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን አባት ስለ ልብስ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳስሶ ፈትሉ የላላ ይሁን የጠበቀ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይናገር ነበር። ይህ ዕውቀት ባሕር ሲሻገር የጠፋ መስሎን ዝም አልነው እንጂ ዛሬም በብዙ አባቶች ጣት ላይ አለ።

ልብስ የሚናገርበት አገር

በገጠሩ ኑሮ ወንዱ በዘወትር እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ወይም ቁምጣ ይለብሳል፤ በላዩ ኩታ ወይም ጋቢ ይደርባል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ለብርድም ለክብርም ይሆናል። በስሜን ደጋ ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ይጨመራል። ቄሱ በነጭ ጥምጥሙ፣ በጃንጥላውና በጭራው ይለያል።

ከልብሱ ዓይነት ይልቅ አለባበሱ ብዙ ይናገር ነበር። ታናሽ ከታላቅ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ኀዘን ያገኘው ሰው ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል፤ ያን ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል። ለሽምግልና የተጠራ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ዱላውን ይዞ ሲመጣ ገና ከሩቅ ለምን እንደሚሄድ ይታወቃል። ቋንቋ መናገር ሳያስፈልገው ሰውነቱን የሚነግርለት ልብስ ነበረው ማለት ነው።

ዓርብ ሲደርስ ደግሞ ልብስ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በእንዶድ ይታጠባል፣ በሣር ላይ ይሰጣል፣ ሰውም ገላውን ታጥቦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጩን ለብሶ ሰንበትን ይቀበላል። ልብሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ሰንበት በቆሸሸ ልብስ አይገባም። የአባቶቻችን አለባበስ ሕግ በአጭሩ ይኸው ነበር፤ ንጹሕ ይሁን፣ ለዕድሜ የሚመጥን ይሁን፣ የዘወትሩና የክቱ ይለይ።

በዚያም አገር ልብስ ይለወጥ ነበር

አንዳንድ ወጣቶች ባህል ሲባል ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ነገር ይመስላቸዋል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ከውጭ የመጣው አቡጀዲ ገበያ ከገባ በኋላ በቤት ከተሠራው ጎን ይለበስ ጀመር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ፣ ጭኑ ላይ ሰፋ ያለው ሱሪ «ተፈሪ ሱሪ» የተባለው በራስ ተፈሪ ስም ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1930 ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 የኢጣሊያ ጦር አገሩን በያዘበት ዘመን ካኪና የወታደር ካፖርት በየገጠሩ ተበተነ። ከጦርነቱ በኋላም ካፖርቱ ከሽማግሌ ትከሻ ላይ አልወረደም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ካኪው እንደገና በረከተ።

በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሽማግሌዎች ከጋቢው ሥር ኮት መልበስ ጀምረው ነበር። ኮቱ ከከተማ የመጣ፣ ጋቢው በቤት የተሠራ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ተስማምተው ይታያሉ። ያን ሰው «ባህሉን ጣለ» ያለው የለም። አዲሱን ልብስ ተቀብሎ በራሱ ሥርዓት ስለለበሰው ነው።

ባዶ እጅ የተደረገ ጉዞ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሱዳን የወጡት ወገኖቻችን በሌሊት፣ በስውር፣ በእግር ነበር የሄዱት። በመንገድና በስደተኞች ሠፈር 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው በሙሴ ዘመቻ የደረሱት ሰዎች የለበሱት ያን መንገድ ሁሉ የተጓዘ ልብስ ነበር።

በ1991 ደግሞ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ከጎንደር መንደሮች ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ገጠሬው አባት ከከተማ ሰው ጋር ለመመሳሰል ሰልባጅ ኮትና ሱሪ የገዛው ብዙ ጊዜ በዚያ ወቅት ነው። ግንቦት 24 እና 25 ቀን በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲጓጓዙ ቦታ ለሰው እንዲሆን ዕቃ እንዲቀር ተደረገ። በዚያ ቀን የተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ነጭ ሸማ የለበሱ አረጋውያን ቁጥር ተለጥፎባቸው ወደ አውሮፕላኑ ሲገቡ ይታያሉ። ጋቢውን ከትከሻው ሳያወርድ የመጣ ሰው ከአገሩ ይዞት የመጣው ሀብት እርሱ ብቻ ነበር።

እዚህ እንደደረሱ የአገሩ ሕዝብ ልብስ አዋጥቶ ሰጣቸው። ቸርነቱን አንረሳም። ሆኖም ከክምር የወጣ ልብስ ለባሹን አያውቀውም። እጀታው ጣትን ይሸፍናል፤ ወይም ሱሪው ከቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ሰው ሁሉ የሚያነበው ልብስ የነበረው ሽማግሌ፣ ማንም የማያነበው ልብስ ውስጥ ገባ። ኅብሩን ቀድሞ የለመደው ልጅ የአባቱ አስተርጓሚ በሆነበት በዚያው ወቅት አባት ልብሱንም ልጁ የሚመርጥለት ሰው ሆነ።

የአገሩ ሰው ለምን ቀለል አድርጎ ይለብሳል?

አዲስ የሚመጡ ቤተሰቦች ሹም ነው የተባለ ሰው በሸሚዝ ብቻ፣ አንገቱን ከፍቶ ሲያዩ ይገረማሉ። ይህም የራሱ ታሪክ አለው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ወጣት አቅኚዎች የአባቶቻቸውን ጥቁር ኮትና ከረባት የተዉት ወደው ነው። መሬት የሚቆፍር አዲስ ሰው ለመሆን ስለፈለጉ ካኪ ቁምጣና ሰማያዊ የሥራ ሸሚዝ ለበሱ። በጥንቶቹ ኪቡጾች ሸሚዝ እንኳ የግል አልነበረም፤ ታጥቦ ከጋራው የልብስ ግምጃ ቤት ይታደል ነበር። በ1934 በክፋር አታ የተቋቋመው የአታ ፋብሪካ ለሠራተኛው ጠንካራና ርካሽ ልብስ እየሠራ የአገሩ መልክ ሆነ። በ1949 የቁጠባ ዘመን ታውጆ ምግብ በራሽን ሲታደል፣ በተከታዩ ዓመት ልብስም ራሽን ገባበት። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮን ራሳቸው አንገቱ ክፍት በሆነ ሸሚዝ ይታወቁ ነበር። የአታ ፋብሪካ የተዘጋው የሙሴ ዘመቻ ባበቃበት ዓመት በ1985 ነው፤ የቀላል አለባበሱ ልማድ ግን ቀርቷል።

እኛም በዚህ መንገድ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1930ዎቹ ከጀርመን የመጡት በዚህ ሙቀት ኮታቸውን አላወልቅ ስላሉ ብዙ ተቀለደባቸው፤ «የኬ» የሚለው ስማቸውም ጃኬት ከሚለው ቃል የወጣ ነው የሚሉ አሉ። በ1950 እና 1951 ከኢራቅ ከመጡት መካከል የባግዳድ ነጋዴዎችና ሹማምንት ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ሲደርሱ ዲዲቲ ተረጨባቸው፤ ከዚያም ድንኳን ውስጥ ገቡ። ከየመን የመጡት ሽማግሌዎችም ረጅም ቀሚሳቸውን በሱሪ ለወጡ። በየወገኑ አባት በልብሱ ምክንያት አንገቱን የደፋበት ዘመን ነበር፤ በየወገኑም ያ ዘመን አልፏል።

ታዲያ አባታችን ምን ይልበሱ?

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አባቶቻችን ልብስ መለወጥን ጠልተው እንደማያውቁ ነው። የጎዳቸው ያልመረጡትንና ልካቸው ያልሆነውን መልበሳቸው ነው። ስለዚህ ቤተሰቦች የሚከተለውን ቢያስቡበት እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ አባት ራሳቸው ይምረጡ። ወደ ገበያ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ጨርቁን ይዳስሱት። ለዚህ አገር በጋ ጥጥ እንደሚሻል ከሻጩ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ከብዛት ይልቅ ልክን ተመልከቱ። የሸሚዙ የትከሻ ስፌት ከትከሻው ጫፍ ላይ ይረፍ፤ ሱሪው ጫማው ላይ ይድረስ እንጂ አይጎተት። ከሌላ ሰው የተገኘ ልብስም ቢሆን ነውር የለበትም፤ ልብስ ሰፊ ጋር ወስዶ ማሳጠርና ማጥበብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ የሆኑ ሁለት ሦስት ሱሪዎች፣ ኮሌታ ያላቸው ጥቂት ሸሚዞች፣ ለክረምቱ በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ፣ ለፀሐዩ ባለ ክፈፍ ባርኔጣ፣ የማያንሸራትት የቆዳ ጫማ፤ ለዘወትር ይህ ይበቃል። ከረባት የግድ አይደለም፤ የአገሩ ሰውም ብዙ ጊዜ አያስረውም።

ሦስተኛ፣ የዘወትሩና የክቱ ይለይ። አንድ ልኩ የሆነ ኮት ለምኩራብ፣ ለሰርግና ለትምህርት ቤት ስብሰባ ይቀመጥ። የልጅ ልጅ ጽሑፍና ሥዕል የተለጠፈበትን ካናቴራ ለሽማግሌ ማልበስ ግን ይቅርብን።

አራተኛ፣ ጋቢውን አትጣሉ፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁም አትርሱት። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል። በሔሽቫን 29 ቀን በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ስንሰበሰብ ከኮቱ በላይ ጋቢ የደረበው ሽማግሌ ከሁሉ አምሮ ይታያል። በአገር ቤት ሁለቱን አስማምቶ ይለብስ የነበረው አባት ዛሬም እዚህ አስማምቶ ለብሷል።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጡትና ከእነርሱም ወዲህ የገቡት ቤተሰቦች ብዙ ዓመት በጎንደርና በአዲስ አበባ ከተማ ስለቆዩ ኮትና ሱሪ አዲስ አይሆንባቸውም። ግን እነርሱም አባታቸው በዚህ አገር እንግዳ እንደሆኑ ይወቁላቸው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ልካቸው የሆነውን ሸሚዝና ኮት የለበሱ አባቶች ከእናቶች ጎን ተቀምጠው ብናይ ደስ ይለናል። ቋንቋው ባይሞላላቸው እንኳ ልጃቸው ወደ እርሳቸው እያመለከተ «አባቴ ይኸውላችሁ» ይበል።