ዜና መርጡለ ማርያም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በጎጃም ምድር በእነብሴ ያለችውን የመርጡለ ማርያምን ዜና፥ የቅጽሯንና የግንቧን፥ የካህናቷንና የተማሪዎቿን ነገር እንጽፋለን። የነገሥታቱን ገድል የነገሥታቱ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡ ድንኳን የተተከለበትን ቀን ይጽፍ ነበር እንጂ ድንኳኑ ሲነቀል በሰፈሩ ማን እንደ ቀረ አይጽፍም ነበር፤ ለዚያ ቀለብ አይሰፈርለትም ነበርና። የእኛ ቀለብ ከንጉሥ ስላልሆነ ከቀረው ሰው እንጀምራለን።

ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጉንደ ወይን ይደርሳል። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ የሚመጣው መንገድ በእርሷ አልፎ ወደ ሞጣ፥ ከሞጣም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። በገበያ ቀን ጤፉ በአህያ ተጭኖ፥ በጉ በገመድ ተስቦ፥ ቅቤው በቅል፥ ጌሾው በእስር ሆኖ ከየጎጡ ይወጣል። ቁምጣ የታጠቀ ጋቢውን የደረበ ገበሬ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ከመኪናው ጋር መንገድ ይጋፋል፤ መኪናውም ጥሩምባውን ይነፋል፤ ገበሬው ግን አይቸኩልም። እነብሴ ከዚህ በስተ ምሥራቅ ነው፤ ምድሩም ወደ ዓባይ በረሓ ያዘቀዝቃል።

የመርጡለ ማርያም ካህናት የአገራቸውን ነገር ሲናገሩ ከክርስትና በፊት ይጀምራሉ። በኦሪቱ ዘመን መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት ከአክሱም፥ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር መርጡለ ማርያምን አራተኛ አድርገው ይቆጥራሉ። ቤተ ክርስቲያኗንም አብርሃና አጽብሐ እንዳቆሟት ይተርካሉ። በአፍ የወረደው እንዲህ ነው፤ በብራና የተያዘውና በድንጋይ የቆመው ግን ከንግሥት እሌኒ ይጀምራል።

እሌኒ የሐድያ ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። ለአፄ ዘርአ ያዕቆብ ተዳሩ፤ ተጠመቁም፤ የቀኝ ንግሥትም ተባሉ። ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው አፄ በእደ ማርያም እንደ እናት አከበራቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ከበእደ ማርያም በኋላ እስክንድር፥ ናዖድ፥ ልብነ ድንግልም ሲነግሡ አዩ። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና ብላቴና ሳለ ሲነግሥ መንግሥቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በቀይ ባሕር የቱርክ ኃይል እየበረታ እንደ መጣ አይተው ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤና የመስቀሉን ግማድ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። መልእክተኛውም በሕንድ በኩል ዞሮ፥ በመንገድም ሐሰተኛ ነህ ተብሎ ተንገላትቶ፥ በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ገባ። ከሐድያ የመጣች የእስላም ባላባት ልጅ ለክርስቲያን መንግሥት ከባሕር ማዶ ወዳጅ ፈለገች።

የጎጃም ግብር ለእሳቸው ይገባ ነበር። በዚያም ምድር ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ መቃብራቸውም በዚያ እንዲሆን አዘዙ። በ1512 ዓ.ም. ከመጡት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ነገር ጽፏል። የነገረውም ጴሮ ዳ ኮቪልያ ነው። ይህ ሰው በእስክንድር ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለ፥ ርስት ተሰጥቶት፥ ሚስት አግብቶ፥ ልጆች ወልዶ የቀረ ነው። እሌኒ ልከውት በጎጃም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን መሠዊያውን እንዲያስተካክል እንዳደረጉ፥ መሠዊያውም ከእንጨት ተሠርቶ ወርቅ እንደ ተሞላበት፥ ጽላቱም ጥሩ ወርቅ እንደ ነበረ ለአልቫሬዝ ነገረው። እሌኒ መልእክተኞቹ በአገሩ ሳሉ አረፉ። ከዚያ በኋላ የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሲገባ አልቫሬዝ ቆሞ አየ፤ 3,000 ፈረስና 3,000 በቅሎ፥ ወፍራም ኩታና ወርቅም በሰልፍ አለፈ። በቅሎዎቹን የሳቡት ስንት እንደ ነበሩ፥ ከእነሴና ከእነብሴ እስከ ሸዋ ሰፈር በስንት ቀን እንደ ደረሱ፥ በመንገድ ምን እንደ በሉ ግን አልጻፈም። አልቫሬዝም ቢሆን የንጉሥ እንግዳ ነበረ፤ ለሱም ድርጎ ይሰፈርለት ነበር።

ወርቅ ግን ተሰውሮ አያድርም። የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በተነሡ ጊዜ የጦሩ ነገር ወደ ጎጃምም ደረሰ፤ የእሌኒም ሕንፃ ተዘረፈ፥ ተቃጠለ። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በየካቲት በወይና ደጋ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የመጠገንና የመፍረስ ዘመን ነው፤ አንዱን ጦር ሌላው ይተካዋል፤ ሁሉን ብንዘረዝር አንባቢው ይሰለቻል።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነው ግን ሊዘረዘር ይገባዋል። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ያዙ፤ በ1618 ዓ.ም. ከፓትርያርኩ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክከው ማሉ። በጎጃም ላይ ተሹሞ የነበረው ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከንጉሡ ይልቅ ለዚያ ሃይማኖት የቀና ሰው ነበረ። በዚያ ወራት ብሩኖ ብሩኒ የተባለ የኢጣልያ ኢየሱሳዊ ቄስ በመርጡለ ማርያም በእሌኒ ፍርስራሽ ላይ ሕንፃ ማሠራት ጀመረ። በኖራ የመገንባት ጥበብ በአገሩ የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው። ድንጋዩ ተጠረበ፤ በቅስቱና በአምዱ ላይ ጽጌ መሳይ አበባና ሐረግ ተፈለፈለ። መዶሻ የያዘው የሩቅ ሰው ቢሆን እንኳ ድንጋዩን የተሸከመው፥ ኖራውን ያቦካው፥ ውኃውን በእንስራ ያመጣችው የእነብሴ ሰው እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም። እነሱም ቀን ቀን ለሮም ሲያቦኩ ውለው ማታ ማታ በተዋሕዶ ይጸልዩ እንደ ነበር እናስባለን፤ ጎጃሜ ለጌታው ታዞ በልቡ የማይታዘዝበትን ስልት ዛሬ አልተማረውም።

በ1624 ዓ.ም. በሰኔ፥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ ሱስንዮስ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሰጡ። ፓትርያርኩና ቄሶቹ ተሰደዱ። ሥዕለ ክርስቶስ አልመለስም ብሎ ተጋዘ። ብሩኖ ብሩኒ ተደብቆ ቀረ፤ በ1632 ዓ.ም. ከጓደኛው ጋር ተይዞ ተሰቀለ።

እንግዲህ በመርጡለ ማርያም የቆመው ግንብ ምን ይሁን? የተጠላ ሃይማኖት ሰዎች ያሠሩት ነውና ይፍረስ የሚል አልጠፋ ይሆናል። የአገሩ ሰው ግን አላፈረሰውም። እንደ ልማዱ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ታቦቱን በዚያ አኖረ፤ ግንቡንም ጣሪያ አልባ አድርጎ በቅጽሩ ውስጥ ተወው፤ ስሙንም ለእሌኒ ብቻ ሰጠው። ዛሬ አንድ ተማሪ ወደዚያ ጠቁሞ ማን ሠራው ብትሉት የእሌኒ ነው ይላል፤ የብሩኖን ስም አልሰማም። በእኔ ግምት ግንቡን ከመፍረስ ያዳነው ይህ ስም ነው። መሠረቱ የእሳቸው ነውና መልሱ ግማሹን እውነት ይዟል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ የእነብሴ ሰው ሳይከራከር ከመሬት በታች ቀበረው። ከጎንደር ሊቃውንት መካከል በአንድ ቃል ስንት ዓመት የተከራከሩ አሉ፤ እዚህ ግን ነገሩ ያለ ጉባኤ አለቀ።

በ1834 ዓ.ም. ገደማ፥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምን ሲገዙ፥ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ መጥቶ ፍርስራሹን ተመለከተ፤ ስለ እሱም የጻፈው በ1847 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን ታተመ። ከዚያ ወዲህ የቅርጹን ነገር የመረመሩ ሌሎችም መጡ። ለአገሩ ሰው ግን ግንቡ ምርምር አይደለም፤ በንግሥ ቀን ልጆች የሚወጡበት፥ ሽማግሌ ጀርባውን አስደግፎ ፀሐይ የሚሞቅበት ነው።

ከቅጽሩ ውጭ የተማሪው ጎጆ አለ። ከዋሸራም ከሌላውም ወገን የቅኔ ተማሪ በዚህ ምድር ይመላለሳል፤ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ውሻም ይነክሰዋል። የለመነውን እንጀራ በፀሐይ አድርቆ ኮቸሮ ያደርገዋል። ማታ ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ መወድስ ላይ የደረሰው ታናሹን ይሳደባል፤ የኔታም ሁለቱን ይገሥጻሉ። በወሩ በ21 ቀን የማርያም ዝክር ሲሆን ጠላው ከየቤቱ ይወጣል፤ ሴቶቹ ጠላውን አስቀድመው ጠምቀው ከሌሊት ጀምረው እንጀራ ጋግረው ሲያበቁ ዝክሩ በባሎቻቸው ስም ይጠራል። ይህን በማናቸውም ዜና መዋዕል አላገኘሁትምና እዚህ ጻፍኩት።

ከቤክ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፍ። ጎሹ በ1845 ዓ.ም. በኅዳር በጉር አምባ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሣ ጦር ሞቱ። የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ በማግሥቱ ዓመት በእምባቦ ጦርነት ተማረኩ። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጎጃምን መዘበሩ፤ ክፉ ቀንም ከብቱን ጨረሰው፤ ሰውም ከከብቱ ጋር አለቀ። በጠላት በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በላይ ዘለቀ በቢቸና ምድርና በዓባይ በረሓ አምስት ዓመት ተዋጋ፤ ድል ከሆነ በኋላ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ርስቴን ሊለኩብኝ ነው ብሎ ተነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ እሱም ሳይበገር ቆይቶ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡለት፤ የተወዘፈውም ግብር ተማረለት። ያ ገበሬ ዛሬ በጉንደ ወይን ገበያ ጤፍ የሚሸጠው ሰውዬ አያት ነው።

ከጉንደ ወይን የሚነሣው መንገድ በመርጡለ ማርያም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶው ቦረና መካነ ሰላም ነው፤ ከዚያም ወደ ሳይንት፥ ወደ ተድባበ ማርያም ያደርሳል። ዱሮ ከእነብሴ ተነሥቶ ተድባበ ማርያምን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ዓባይ እስኪጎድል ክረምቱን ይጠብቅ ነበር። ከሁለቱ አድባራት መሥዋዕተ ኦሪት አስቀድሞ የተሠዋው በየትኛው ነው የሚለው ክርክር አሁንም አልተቆረጠም፤ ደብተራዎቹ ግን ከእንግዲህ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ይከራከሩበታል።