ካኑላ

ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ካኑላ ሲባል ትዝ የሚለው እጁ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችው ቀጭን ቱቦ ናት። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ ሸምበቆ። በልብ ቀዶ ሕክምና ግን ስሙ ያው ሆኖ ነገሩ ይከብዳል።

የቀዶ ሐኪሙ ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ የተሳካለት የልብና ሳንባ ማሽን ደሙን ወደ ሰውነት የሚመልሰው በደም ቅዳ ካኑላ ነው። ዛሬ ይህ ካኑላ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከልብ በሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ ነው።

ማስገባቱ ይወራለታል፤ ለእኔ ግን የሚያስፈራው ማውጣቱ ነው። ደሙን ከሕመምተኛው ወደ ማሽኑ የሚወስደው የደም መልስ ካኑላ ቀድሞ ይወጣል። የደም ቅዳው ይቆያል፤ ማሽኑ ውስጥ የቀረው ደም ለሕመምተኛው የሚመለሰው በእሱ ነውና። ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት እንዳይረጋ ያደረገው ደም እንደገና መርጋት እንዲችል ፕሮታሚን የተባለ መድኃኒት ቀስ እያለ ይሰጣል። ከዚያ የላይኛው የደም ግፊት ወደ 100 ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ከተነካ አኦርታው ሊቀደድ ይችላል። በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ከረጢት አፍ የተሰፉ ሁለት ክሮች አሉ። ሐኪሙ ካኑላውን ሲስብ ረዳቱ በዚያው ቅጽበት ክሮቹን ያጠብቃል። ከታሰረም በኋላ ደም ካንጠባጠበ ተጨማሪ ስፌት ይደረግበታል።