የስቱዲዮ ፖርትሬት ፎቶግራፍ

የስቱዲዮ ፖርትሬት የሰውን መልክ ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ በሚያዝበት ብርሃን የማንሳት ሙያ ነው። በፎቶ ቤት ጉርድ የሚባለው ፎቶ የቅርብ ዘመዱ ነው። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው አንሺው ስለሆነ፣ ትምህርቱ ከካሜራው ይልቅ ጥላን በማንበብ ቢጀመር ይሻላል።

ሞዴል ከመፈለግ በፊት አንድ እንቁላል ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በአንድ አምፖል መዞር ብዙ ያስተምራል። አምፖሉ ያለ መጋረጃ ሲበራ የጥላው ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። በመካከል፣ ወደ እንቁላሉ ጠጋ ብሎ፣ ስስ ነጠላ ሲወጠር ደግሞ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ የብርሃኑ ምንጭ ሰፍቷልና። ሶፍትቦክስና የፎቶ ዣንጥላም ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ትንሿን የፍላሽ መብራት ያሰፏታል። ስፋቱ የሚለካው ግን ከሞዴሉ ፊት ሆኖ ሲታይ ነው። ከቅርብ ጥላውን ያለሰለሰ ሶፍትቦክስ አምስት ሜትር ሲርቅ እንደ ጠባብ መስኮት ይሆናል፤ ጥላውም ይጠነክራል።

ብርሃን የሚደክመው በርቀቱ ካሬ ልክ ነው። መብራቱ ከሞዴሏ 1 ሜትር፣ ከነጩ ግድግዳ 3 ሜትር ቢርቅ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ፊቷ ላይ ካረፈው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ስለሚሆን በፎቶው ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መብራቱ 2 ሜትር ወደ ኋላ ተስቦ ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ሲጨመርለት ፊቷ እንደነበረው ይሆናል፤ ግድግዳው ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ብርሃን አግኝቶ ይነጣል። ባለ አንድ ግድግዳ ፎቶ ቤት ብዙ ባክግራውንድ የሚያገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ፍላሽ ሲጨመር ጀማሪን የሚያደናግረው ሻተር (የካሜራው መዝጊያ) ነው። ፍላሹ የሚበራው ለቅጽበት ስለሆነ ሻተሩ ትንሽ ቢፈጥንም ቢዘገይም የፍላሹ ብርሃን አይለወጥም፤ እሱን የሚገራው የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) እና የፍላሹ ጉልበት ነው። ሻተር የሚገዛው የክፍሉን ብርሃን ነው። በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ ከፈጠነ የሻተሩ መጋረጃ ምስሉን ይጋርዳል፤ በፎቶው ጫፍ ላይ ጥቁር ሰቅ ይወጣል። ስለዚህ ለመነሻ ሻተሩን 1/160፣ አይኤስኦውን 100፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8 አድርጎ ፍላሹ ሳይበራ አንድ ፎቶ ማንሳት ይበጃል። ምስሉ ጥቁር ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚታየው ብርሃን ሁሉ የአንሺው ነው።

መብራቱ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ ሲቆም ከአፍንጫ ሥር ቢራቢሮ የመሰለ ጥላ ይወርዳል፤ በ1930ዎቹ ሆሊውድ ተዋናይቷን ማርሌን ዲትሪክን ያነሳበት ብርሃን ይህ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ወደ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ ሲዞር የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገጥምና በጨለመው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ይህ በሆላንዳዊው ሠዓሊ ስም የሬምብራንት ብርሃን ይባላል። ስሞቹን ከመሸምደድ የሌሎችን ፎቶ ዓይኑን አጉልቶ ማየት ይበልጣል፤ በብሌኑ ላይ የምታበራው ነጥብ የመብራቱን ቅርጽ፣ ቁጥርና አቅጣጫ ትናገራለች።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቆም በጨርቁ ይታለልና ምስሉን ያጨልማል፤ ፊቷም አብሮ ይጠፋል። ለፊቷ ሲባል ብርሃን ሲጨመር ደግሞ የጥለቱ ዳር ይነጣና የክሩ ሥራ ይደመሰሳል። የቀለም ፊልም ዘመንም ለዚህ አልረዳም፤ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ ሺርሊ ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል ነበር። መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም። ሶፍትቦክሱ ከፍ ብሎ መሐሉ ወደ ፊቷ፣ የታችኛው ጠርዙ ብቻ ወደ ቀሚሱ እንዲደርስ ይዞራል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በላዩ በሚንሸራተተው ወዝ ስለሆነ፣ ሰፊ ምንጭ ከጎን ሲመጣ ግንባርና ጉንጭ ተስለው ይወጣሉ። አንገቷ ላይ የተጣለው ነጠላም ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ በነጻ ያበራል፤ የሚገዛ ሪፍሌክተር ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም።

ሙያው የጀመረው በፀሐይ ነው። በ1839 ሮበርት ኮርኔሊየስ በፊላዴልፊያ ራሱን ሲያነሳ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። በ1887 በጀርመን ሚተና ጌዲከ የማግኒዚየም ዱቄት ፍላሽ ሠሩ፤ ክፍሉን ጭስ ይሞላው ነበር። በ1930ዎቹ ሃሮልድ ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የኤሌክትሮኒክ ፍላሽን አዳበረ። በአዲስ አበባ የፎቶ ቤት ታሪክ ከአርመኖች ጋር የተሳሰረ ነው፤ በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም በቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ዛሬ አይዳ ሙሉነህ በደማቅ ቀለምና በተቀባ ፊት በምትሠራቸው ፖርትሬቶች ትታወቃለች።

ሞዴል ከመቆሟ በፊት ፎቶው የት እንደሚውል መስማማት ግዴታ ነው፤ አገጭ ወይም ነጠላ በእጅ ለማስተካከልም ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አጭር ቢሆን ይመረጣል። «ፈገግ በይ» ሲባል ብዙ ሰው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ «አገጭሽን ትንሽ ዝቅ፣ አሁን ወደ እኔ» ግን አንገትን ያስረዝማል። ሌንሱም ፊት ላይ መጠጋት የለበትም፤ በቅርበት አፍንጫ ይተልቃል። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚወደደው አንሺውን ወደ ኋላ ስለሚያርቀው ነው።

መብራት ሰው ከመግባቱ በፊት አልቆ መጠበቅ አለበት። ከማርዲን የተሰደደው አርመናዊ ዩሱፍ ካርሽ ታኅሣሥ 1941 በኦታዋ ፓርላማ ዊንስተን ቸርችልን ሲያነሳ መብራቱን ያሰናዳው በዋዜማው ማታ ነበር። ስለዚህ በተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች የሚያየው ሰውየውን ብቻ ሆነ። ጠጋ ብሎ ሲጋሩን ከቸርችል አፍ ነጠቀና ሻተሩን ተጫነ። ቸርችል ቀጥሎ ፈገግ ብሎ ሌላ ፎቶ ፈቀደለት፤ ዓለም የሚያውቀው ግን የተኮሳተረበትን ነው።