የደስታ እሳት፦ ከሜዳ ወደ ጣራ ሥር

ወዳጆቼ፣ የሰርግ ወቅት ነውና ስለ እሳት ትንሽ ታሪክ እናውጋ። ሙሽሮቹ መድረክ ላይ ሲቆሙ ግራና ቀኝ ብልጭታ የሚተፋውን ማሽን ሁላችሁም በየቪዲዮው አይታችሁታል።

ራያ ባሩድን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። በነሐሴ 1534 ዓ.ም አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ኢማም አሕመድ የፖርቱጋሎቹን ጦር ድል ያደረገው በኦቶማን ነፍጠኞችና መድፍ ታግዞ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ ጦርነት ሲሆን ደግሞ ጣሊያን ለአካባቢው ሰው ጠመንጃ አድሏል። ከቆቦ እስከ ዞብል ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ነው፤ በሰርግም በለቅሶም ይተኮሳል።

ይሄ እሳት ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፦ ደጅ ነው፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ነው። ደመራም እንደዚያው። ደመራን የሣር ቤት ጥግ የሚተክል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግን ድሮውን ብቻ አናሞግስ። ሰማይ ጥይት አያስቀርም። አሜሪካዊው መኮንን ሃቸር ከመቶ ዓመት በፊት ፈትሾት፣ ወደ ላይ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ እየበረረ እንደሚመለስ አስልቷል። ሰው ለመግደል ይበቃል። ደግሞስ በ2013 እና በ2014 ጦርነት ያየ የቆቦ ልጅ ተኩስ ሲሰማ እልልታ ነው የሚያስበው?

ስለዚህ ማሽኑ ጠመንጃውን ቢተካ ደስ ይለኛል። ችግሩ እሳቱ ጣራ ሥር ሲገባ የደጁ ሕግ አብሮት አለመግባቱ ነው።

የካቲት 1995 ዓ.ም አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ፤ የባንዱ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለ፣ 100 ሰው አለቀ። ብዙው ሰው የሮጠው ወደ ገባበት በር ነበር። ጥር 2005 ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ፤ ለደጅ የተሠራ ርችት ርካሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ለኮሱት፣ 242 ሰው ሞተ። መጋቢት 2017 ሰሜን መቄዶንያ፣ ኮቻኒ፤ እንደገና የመድረክ ብልጭታ፣ 60 ገደማ ሰው። አገሩ ሦስት፣ ታሪኩ አንድ፦ ብልጭታ፣ የሚነድ ጣራ፣ የማይበቃ መውጫ።

አሜሪካኖቹ ለዚህ የጻፉት ደንብ ከደመራው ሕግ ብዙም አይርቅም። የሚለኩሰው የሰለጠነ ሰው ይሁን፣ ዕቅዱ አስቀድሞ ይጻፍ፣ እሳት ማጥፊያ በቅርብ ይኑር፣ ተመልካች ቢያንስ 4.6 ሜትር ይራቅ፤ ብልጭታው ሩቅ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የመውደቂያው እጥፍ።

«የኛው ቀዝቃዛ ነው፣ አያቃጥልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። የሚበራው የታይታኒየም ወይም የዚርኮኒየም ብናኝ ነው፤ ብረት ነው የሚነደው። ብናኙ ከተቀጣጠለ ውኃ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ ነው መድኃኒቱ። አሸዋ ደግሞ ጎሊና ወንዝ ሞልቶናል፣ ችግሩ በባልዲ ቀድሞ ማስቀመጡ ላይ ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ሚዜና የድግስ ኃላፊ የሆናችሁ፦ ለዲጄው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚለኩሰው ማነው? ከላዩ ያለው ጨርቅ ነው ወይስ ቆርቆሮ? ሁለተኛው በር የት ነው፣ ተቆልፏል ወይስ ክፍት? መልስ ካጣችሁ እልልታው ይበቃል፤ እልልታ ማንንም አቃጥሎ አያውቅም።

ሰርግ ላለበት ሰው አድርሱልኝ። መልካም ሰርግ!