የታሸገ የባሕር ምግብና የመውረስ ሥልጣን

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1906 የፈረሙት የምግብና የመድኃኒት ሕግ ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከባድ ሥልጣን ሰጠ። ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የተላከ ምግብ በሙሉም ሆነ በከፊል በስብሶ ከተገኘ፣ መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊያስወርሰው ይችላል። በዚህ ዓይነት ክስ ተከሳሹ ባለቤቱ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። ስለሆነም በመዝገቦቹ ላይ መንግሥት ይህን ያህል ሣጥን ሳልመን ከሚባል ተከሳሽ ጋር ሲሟገት ይነበባል፤ ለሐኪም ዓይን እንግዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጣሳ የታሸገ እንቁላልን በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ፣ ምግቡ ተጓጉዞ ገዢው መጋዘን ከገባ በኋላም ሊያዝ እንደሚችል አረጋገጠ።

የባሕር ምግብ ጉዳይ ግን ከሌላው ይልቅ ረቂቅ ነበር። ዓሣ ከተጠመደ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ በባክቴሪያ ይበሰብሳል። ከዚያ ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል ባክቴሪያው ይሞታል፤ ብስባሴው የፈጠራቸው ኬሚካሎች ግን በውስጡ ይቀራሉ። ጣሳው አያብጥም፤ ናሙናው በላቦራቶሪ ቢመረመርም አንዳች ሕይወት ያለው ተሕዋስ ላይገኝበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ምግብ ጎጂ ነው ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ሕጉ ግን በበሰበሰ ምግብ ላይ የጉዳት ማስረጃ አልጠየቀም፤ መበስበሱ ብቻ በቂ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልነበረ ቱና ዓሣ ያስረዳል። በተበላሸ ቱና ውስጥ የሚከማቸው ሂስታሚን በማብሰልም ሆነ በማሸግ አይጠፋም። የሚያስከትለው የፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና የልብ ትርታ መፍጠን በቀላሉ አለርጂ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች በታሸገ ቱና ምክንያት በዚህ መመረዝ ታመዋል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመውረሱ ክንድ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በነበሩ የሽሪምፕ አሻጊዎች ላይ በረታ። እነርሱም ዕቃቸው ገበያ ከደረሰ በኋላ ከሚወረስ ይልቅ ተቆጣጣሪ ደጃቸው ድረስ ቢመጣ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ማሻሻያ ይህንኑ ፈቀደ፤ ፈቃደኛ የሆነ አሻጊ ወጪውን ራሱ ችሎ በፋብሪካው የመንግሥት ተቆጣጣሪ እንዲመደብለት መጠየቅ ቻለ። ተቆጣጣሪውም ሽሪምፑን ጣሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ሽታው ገና ሳይሸፈን ይመረምር ጀመር። የመውረሱ ሥልጣን ግን አልተነሣም፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው አዲስ ሕግም ጸንቷል።