ስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮል

ስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮል፣ በአጭሩ ኤስቲፒ፣ በስዊቾች በተያያዘ ኔትወርክ ውስጥ መረጃ መውጫ አጥቶ እንዳይሽከረከር የሚከላከል ስልት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈችው በአሜሪካው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ ስለ አሠራሩ ግጥምም ጽፋለች። በ1990 ደረጃ አውጪው ተቋም አይ ትሪፕል ኢ 802.1ዲ በሚል መለያ መደበኛ አደረገው።

ሁለት ስዊቾች በሁለት ገመድ የሚገናኙት አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካው ነው፤ ጣጣውም ከዚያው ይመጣል። የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት የዕድሜ ገደብ የለውም። ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ገመድ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ እየተባዛ መስመሩን ያጨናንቃል፤ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ለዚህ ሁሉ፣ ከጠረጴዛ ሥር የወደቀ ገመድ አግኝቶ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ የሚሰካ አንድ ቅን ሠራተኛ ይበቃል።

በኤስቲፒ ስዊቾቹ አጫጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ዝቅተኛ መለያ ያለው «ሥር» ይሆናል። ሥሩም በየ2 ሴኮንዱ መልእክት ይልካል። ሌሎቹ ወደ እርሱ የሚያደርሳቸውን ቀላል መንገድ ይዘው ትርፉን ፖርት ይዘጋሉ፤ ዛፍ የተባለው ይኸው ነው። ገመድ ሲበጠስ የተዘጋው እስኪከፈት ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይፈጃል። በ2001 የወጣው ፈጣኑ ዝርያ፣ አርኤስቲፒ፣ ይህን ወደ ጥቂት ሴኮንዶች አውርዶታል።

የስዊቹ መለያ ከቅድሚያ ቁጥርና ከማክ አድራሻ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩ ካልተነካ በሁሉም ላይ 32768 ስለሆነ የሥሩን ምርጫ የሚወስነው የማክ አድራሻው ነው። አድራሻው ዝቅተኛ ከሆነ ጓዳ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስዊች ሥር ሊሆን ይችላልና የዋናውን ስዊች ቁጥር በእጅ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።